ነጥብ

ሌይሶንጊ ከሜሌ ሜዳ ዳር፣ ከኮኮናቱ ጥላ፣
በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ፣ እርሳሷን ቀርጻ በቢላ፣
ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው
የዛጎል ስባሪ ጭናበት፣ ኳሱን በዓይኗ ትጠብቀው፤
ከእያንዳንዷ ኳስ ኋላ፣ በጠባብ ሣጥን ስትጽፍ
ሩጫ ካመጣች ቁጥር፣
ምንም ካላመጣች ነጥብ፤
ትንሽ፣ ጥቁር፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል።

በኔ ቋንቋ ነጥብ ማለት ያሸነፉበት ነው፣ ያገኙት፤
በሌይሶንጊ ደብተር ግን የባዶ እጅ ምልክት።
ቃሉ አንድ ነው።
ለመቺዋ ያመለጣት፣
ለወርዋሪዋ የተረፋት።

ድሮ እናቶቻቸው፣ ክንፍ ባለው የአበባ ቀሚስ፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከገበያ መልስ፣
ከቡራኦ እንጨት ዱላ ጠርበው ይጫወቱ ነበር፤
የተሸነፈው መንደር ያበስላል፣ ሁለቱም ይበላሉ፣
ማንም ቫኑዋቱ ብሎ አልጠራቸው፣ ማንም አልቆጠረ ነበር።

ከዚያ ዐውሎ ነፋሱ መጣ።
የክለቡን ቆርቆሮ ነቅሎ
እንደ መጫወቻ ካርታ ባሕሩ ላይ በተነው።
ሌይሶንጊ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ
ሩዝ መቀቀያ ድስት ውስጥ ከተተች፣
ክዳኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
ልጆቿ «እማ፣ ልትቀቅያቸው ነው?» እስኪሉ።

ሌይማራ ደግሞ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት።
ማሽኑ የተበላሸ ሰሞን፣ በእጇ ስትጨምቅ፣ ስትጠመዝዝ፣
አንጓዋ አንድ ነገር ለመደ፤
የምትወረውራት ኳስ መሬት ስትነካ
እንደ እርጥብ አንሶላ ጫፍ
ሳይታሰብ ወደ ጎን ትፈታለች።

ሄዱ። ባሕር ወደማይሸትበት ደረቅ አገር፣
ከወንዶቹ የተረፈ መለያ ለብሰው፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣
የአገር ስም ደረታቸው ላይ፣ ከስፌቱ ክር ተርፎ።
በሜሌ፣ ወንዶች ካቫ በሚጠጡበት፣ ሴት እምብዛም በማትደርስበት ዳስ፣
አንድ ስልክ የኮኮናት ቅርፊት ተደግፋ ቆመች፤
አክስቶችም መጡ።
ማንም ሂዱ አላላቸው።

የዚያች የትልቋ አገር መቺ ሃምሳን አልፋለች።
ሌይማራ ኳሱን ተቀበለች።
አንድ፤ ነጥብ።
ሁለት፤ ነጥብ። መቺዋ ጓንቷን አጠበቀች።
ሦስተኛዋ ከእጇ ስትወጣ ሜሌ ላይ ኔትወርኩ ሄደ።
ክንዷ እንደተሰቀለ፣ ኳሷ አየር ላይ እንደቆመች፣
ያቺ ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፤
አንድ ሽማግሌ ስልኩን ይዞ ማንጎው ላይ ወጣ፣
ወጣና፣ ባዶውን ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የያዘ እርሳስ ብቻ ነው።
ሦስት። አራት። አምስት።
በስድስተኛዋ መካከለኛው ችካል ተነቀለ።
ሌይሶንጊ አምስቱን ነጥብና የችካሉን ምልክት
በአንድ መስመር አያያዘቻቸው፤ ወጉ እንዲያ ነው፣
ሩጫ ያልሰጠ፣ መቺ ያስወጣ ኦቨር ሲገኝ።
የወጣላት ቅርጽ በኔ ፊደል ንጉሡ ሠ ነው፤
ንጉሥ ግን በቦታው ስላልነበረ
ንግሥቲቱ ሠ እንበላት።

ተሸነፉ። በስልሳ አንድ ሩጫ።
እሱም ተጽፏል።

ሲመለሱ አክስቶች ዳሱን አልለቀቁም፤
«ከሦስተኛዋ ጀምሪልን» አሏት።
ሌይሶንጊ መነጽሯን አጠለቀች፣ አነበበች፤
«ነጥብ።
ነጥብ።
ነጥብ።»
ያን ሁሉ ምንም፣ እንደ መዝሙር አዝማች፣ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት፤
በስድስተኛዋ ከአንዱ እጅ የካቫው ቅርፊት ወደቀ።

ሆቴሉ የሌይማራን የዘጠኝ ቀን ደሞዝ ቆረጠ።
ሌይሶንጊ ይህን ሰማች። ምንም አላለች።
ከዚያው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ ከሠዋ በታች፣
ዘጠኝ ነጥብ አስፍራ ደብተሩን ዘጋችው።
ላጲስ የላትም፤
ገዝታም አታውቅ።